አስታማሚው «እችላለሁ» ሲል ምን ያህል ይችላል?



ስለ ስኳር በሽታ በየጊዜው ብዙ ይጻፋል። ከሚጻፈውም የሚበዛው ስለ በሽታው መነሻ፣ ስለ ምግቡና ስለ መድኃኒቱ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ግን ከበሽተኛው አጠገብ ስለሚገኘው ሰው ነው። ይኸውም የስኳር በሽታ ያለበትን አባት፣ እናት፣ አያት ወይም ታናሽ ወንድም በቤት ውስጥ የሚረዳ ሰው «ይኸን ሥራ እችላለሁ» ብሎ በራሱ ምን ያህል እንደሚተማመን በምን ይታወቃል? የሚል ነው። ክብደት በሚዛን፣ ትኩሳት በቴርሞሜትር ይለካል፤ የሰው ልብ መተማመን ደግሞ በምን ይለካል? ብሎ የሚስቅ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የሚለካበት መንገድ አለው። መንገዱንም ማወቅ ለእኛ ለተማሪዎች እንደሚጠቅም ከዚህ ቀጥሎ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ሥራው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ከጨጓራ በስተኋላ የሚገኘው ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫል። ኢንሱሊንም ከምግብ የተገኘው ስኳር ከደም ወጥቶ ወደ ሰውነት ሕዋሳት እንዲገባ ያደርጋል። ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ሲያቆም፣ ወይም የመነጨው ኢንሱሊን በሚገባ ሳይሠራ ሲቀር ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል። የመጀመሪያው ዓይነት ብዙ ጊዜ በልጅነትና በወጣትነት ይጀምራል፤ ያለ ኢንሱሊንም መኖር አይቻልም። ሁለተኛውና ብዙውን ሰው የሚይዘው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ በጎልማሶች ላይ የሚታይ ሆኖ በምግብ ጥንቃቄ፣ በእንቅስቃሴ፣ በሚዋጥ መድኃኒትና እንደ ሁኔታው በኢንሱሊን ይያዛል። ኢንሱሊን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ከመገኘቱ በፊት በመጀመሪያው ዓይነት የተያዘ ልጅ ዕድሜው አጭር ነበር። ዛሬ በመርፌው ረጅም ዕድሜ መኖር ይቻላል። መርፌውን ግን በየቀኑ የሚወጋው ሐኪሙ አይደለም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በየሦስት ወሩ ሐኪም ዘንድ የሚቀርብ ሰው በዓመት አራት ቀን ሐኪሙን ያያል። የቀሩት 361 ቀኖች የቤት ናቸው። በነዚህ ቀኖች ስኳሩን የሚለካ፣ መርፌውን የሚወጋ፣ ወጡን የሚሠራ፣ እግሩን እያየ ቁስል እንዳይኖር የሚጠነቀቅ፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ኢንሱሊኑን በውሃ በራሰ ሸክላ ዕቃ ውስጥ አስቀምጦ ከሙቀት የሚጠብቅ ራሱ በሽተኛውና ቤተ ሰቡ ነው። በብዙ ቤት ደግሞ በብልቃጡ ላይ የተጻፈውን የሚያነብና በመርፌው ላይ ያለውን ቁጥር የሚቆጥር ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ስለ ሆነ ሥራው በእኛ ላይ ይወድቃል። አስታማሚ የሚለው ቃላችን በውነቱ ለዚህ ሥራ የተሰፋ አይመስለኝም። አስታማሚ ሲባል የሚታሰበን አልጋ ላይ የወደቀን ሰው ለጥቂት ሳምንት የሚጠብቅ ነው። የስኳር በሽታ አስታማሚ ግን በሽተኛው ቆሞ እየሄደ፣ ሥራውን እየሠራ፣ አንዳንድ ጊዜም እየተቆጣው ለብዙ ዓመታት የሚረዳ ነው። የተሻለ ቃል እስኪገኝ ድረስ በዚሁ እንጠቀማለን።

ቤተ ሰቡ በሽተኛውን ይዞ ወደ ሐኪም ቤት ሲሄድ ነርሷ ስለ መርፌው፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ እግሩ ታስረዳና በመጨረሻ «ገብቷችኋል?» ብላ ትጠይቃለች። ሁሉም ባንድ ድምፅ «አዎን፣ ገብቶናል» ይላል። ከበስተኋላ ወረፋ የሚጠብቅ ሕዝብ አለ፤ ነርሷንም ማድከም ነውር ይመስላል። በዚህ ጊዜ የተጠየቀው ዕውቀት ነው እንጂ መተማመን አይደለም። ዕውቀትና መተማመን ደግሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የደም ስኳር ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲወርድ በሽተኛው እንደሚንቀጠቀጥ፣ እንደሚያልበው፣ እንደሚርበውና ነገሩ እንደሚዘባረቅበት አንድ ተማሪ በቃሉ ሊደግም ይችላል። 15 ግራም ያህል ስኳር፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወይም አንድ ማንኪያ ማር ሰጥቶ፣ 15 ደቂቃ ቆይቶ እንደ ገና መለካት፣ ካልተነሣም መድገም እንደሚገባም ያውቅ ይሆናል። ይኸን ሁሉ እያወቀ ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት አባቱ በላብ ተጠምቀው ትርጉም የሌለው ነገር ሲናገሩ ሲያይ እጁ ሊታሰር ይችላል። የዚያን ሌሊት እጁ ይታሰር አይታሰር እንደ ሆነ አስቀድሞ ለመገመት የሚረዳው መተማመኑን መለካት ነው።

ይኸን ነገር በሚገባ ያጠናው አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ ነው። ባንዱራ በካናዳ ተወልዶ በአሜሪካ አገር በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማረ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2021 አርፏል። እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ጽሑፍ ሰው አንድን ሥራ ለመጀመሩ፣ በችግር ጊዜም ላለመተዉ ትልቅ ድርሻ ያለው «ይኸን ሥራ ለመፈጸም እችላለሁ» የሚለው እምነቱ እንደ ሆነ አስረዳ። ከባልደረቦቹ ጋር በዚያው ዓመት ያሳተመው ሙከራ ደግሞ በእባብ ነበር። እባብ እጅግ የሚፈሩ ሰዎች ተሰብስበው መርዝ በሌለው እባብ አማካይነት ፍርሃታቸውን እንዲያስወግዱ ተደረገ። አንደኛው ክፍል ከረዳት ጋር ሆኖ እባቡን ራሱ እየነካ ተለማመደ፤ ሁለተኛው ክፍል ሌላ ሰው ሲነካ ብቻ ተመለከተ። ከዚያም ሥራው በደረጃ ተከፋፈለ። እባቡ ወዳለበት መቅረብ አንድ ደረጃ ነው፤ መንካት ሌላ ነው፤ በእጅ መያዝ ሌላ ነው፤ ጭን ላይ እንዲሄድ መተው ከሁሉ የከበደ ነው። እያንዳንዱ ሰው በየደረጃው «ይኸን ለማድረግ ምን ያህል እርግጠኛ ነህ?» እየተባለ ተጠየቀ፤ ከዚያ በኋላ በተግባር ተፈተነ። ሰዎቹ እችላለሁ ያሉትና በተግባር የቻሉት ደረጃ በአብዛኛው የተገናኘ ሆነ። ራሳቸው የነኩትም ከተመለከቱት ይልቅ መተማመናቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። የኢንሱሊን መርፌ እባብ አይደለም፤ ነገር ግን መርፌ ሲያይ የሚገረጣ ጎረምሳ በየክፍላችን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚህ ሙከራ የሚገኘው ትምህርት መተማመን አንድ ወጥ ነገር አለመሆኑ ነው። «በራስህ ትተማመናለህ ወይ?» ብሎ በጅምላ መጠየቅ ለምንም አይረባም። በክፍል ውስጥ ቆሞ ሳያፍር የሚናገር ልጅ መርፌ ለመያዝ ሊፈራ ይችላል። አንገቷን ደፍታ የምትሄድ ዝምተኛ ልጅ ደግሞ እናቷን ያለ አንዳች መንቀጥቀጥ ትወጋ ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄው በሥራው ላይ፣ በዚያውም ሥራ እየከበደ በሚሄድ ደረጃ ላይ መሆን አለበት። ለምሳሌ ያህል ስለ መርፌው የሚጠየቀው እንዲህ እያለ ይወጣል፦ ጧት፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ፣ በሽተኛውም ፈቅዶ ሳለ ልክዎን ቀድተው መውጋት ይችላሉ? እንግዳ ተቀምጦ እያየ ሳለስ? መብራት ጠፍቶ በሻማ ብርሃንስ? ዘወትር የሚወጉት ታላቅ እኅትዎ መንገድ ሄደው ብቻዎን በሆኑ ጊዜስ? የመጀመሪያውን ብቻ ብንጠይቅ ሁሉም «እንዴታ!» ይላል፤ መለኪያውም ሰውን ከሰው አይለይም። ልዩነቱ የሚታየው ዳገቱ ሲጨመር ነው።

አሁን ወደ ቋንቋችን ልመለስ፤ እዚህ ላይ የአማርኛ ጠያቂ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ወጥመድ አለ። መቻል የሚለው ግሥ ሁለት ፍች አለው። አንደኛው የማድረግ ኃይል ማግኘት ነው፤ ሁለተኛው መታገሥ፣ መሸከም ነው። ቻይ ሴት ስንል ትዕግሥተኛ ማለታችን ነው። ስለዚህ አንዲትን እናት «የባለቤትዎን በሽታ ይችሉታል?» ብለን ብንጠይቃቸው «ምን አደርጋለሁ ልጄ፣ እችለዋለሁ እንጂ» ይላሉ። ይህ መልስ ስለ ትዕግሥታቸው የተሰጠ ነው፤ ስለ መርፌው ገና ምንም አልሰማንም። ጠያቂው ግን ከፍተኛ መተማመን ብሎ ይመዘግበዋል። በዚህ ምክንያት በእያንዳንዱ ጥያቄ ውስጥ የሥራው ግሥ መነሣት አለበት፤ መለካት፣ መቅዳት፣ መውጋት፣ ማየት፣ መከልከል፣ ሐኪም መጥራት። እንዲሁም «ያደርጋሉ?» የሚለው ከ«ማድረግ ይችላሉ?» ጋር መደባለቅ የለበትም። ማድረግ የፈቃድ ጥያቄ ነው፤ ማድረግ መቻል የኃይል ጥያቄ ነው። የሚችል ሰው ላያደርግ ይችላል፤ ሊያደርግ እጅግ የሚመኝም ላይችል ይችላል። ድፍረት የሚለውም ቃል አይበጅም፤ ድፍረት አንዳንድ ጊዜ ነውር ነውና፤ ልጅ አባቱን ለመከልከል ድፍረት አለኝ ቢል ማን ያመሰግነዋል?

ከበሽተኛው መተማመን ይልቅ የአስታማሚውን መለካት የሚከብደውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሽተኛው ስለ ራሱ እጅና ስለ ራሱ አፍ ይጠየቃል። አስታማሚው ግን የሚጠየቀው ስለ ሌላ ሰው ሰውነት፣ ያውም ብዙ ጊዜ ሊያከብረው ስለሚገባ ሰው ነው። አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር ወደ ሠርግ ሄዷል እንበል። ባለቤቱ ጠጁን ይዞ መጥቶ «በሞቴ!» ይላል። አባትየው «ለዛሬ ብቻ» ብለው ብርሌውን ይቀበላሉ። ጎረቤት የተቀመጡት ሽማግሌ ደግሞ «ማር እኮ መድኃኒት ነው፤ ስኳር አይደለም» ብለው ያግዛሉ። ማር ግን የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ ስኳር በወረደበት ጊዜ የምንሰጠውም ስለዚሁ ነው። እንግዲህ ልጁ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ይበል? የዚህ ልጅ ዕውቀት የሙሉ ነጥብ ዕውቀት ሊሆን ይችላል፤ የጎደለው በሽማግሌዎች መካከል በጨዋ ደንብ «አባባ፣ ይብቃዎ» የሚልበት ልብ ነው። ከውጭ አገር የተተረጐመ መጠይቅ ይኸን አይጠይቅም፤ እኛ ካልጨመርንበት ሳይለካ ይቀራል።

ጾምም እንዲሁ ነው። የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው፤ የረመዳንም ጾም አንድ ወር ሙሉ ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቅ ነው። ኢንሱሊን ወይም ስኳር አውራጅ ክኒን የሚወስድ ሰው የምግቡ ሰዓት ሲለወጥና መድኃኒቱ ሳይለወጥ ሲቀር ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል። ለታመመ ሰው በእስልምና ፈቃድ አለው፤ በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖችም ዘንድ የንስሐ አባትን ማማከር የተለመደ ነው። ስለዚህ የጥያቄው አንዱ «ጾም ከመግባቱ በፊት ታማሚውን ሐኪም ዘንድ ወስደው መድኃኒቱ ከጾሙ ጋር እንዲስተካከል ማነጋገር ይችላሉ?» የሚል፣ ከዚያ የከበደው ደግሞ «በጾም ቀን ስኳሩ ሲወርድ እንዲገድፍ ማሳመን ይችላሉ?» የሚል ቢሆን ተገቢ ነው።

ጥያቄው ከተዘጋጀ በኋላ መልሱ በምን ቁጥር ይሰጥ? እ.ኤ.አ. በ1932 ሬንሲስ ሊከርት የተባለ አሜሪካዊ ሰዎች በአንድ አሳብ መስማማታቸውንና አለመስማማታቸውን በአምስት ደረጃ የሚገልጡበትን ዘዴ አወጣ፤ እስከ ዛሬም የሚሠራበት ነው። ባንዱራ ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው መምሪያ ለመተማመን መለኪያ ከ0 እስከ 100 በአሥር በአሥር የሚወጣ መሰላል ይሻላል ብሏል። ዜሮ ፈጽሞ አልችልም፣ አምሳ በመጠኑ እችላለሁ፣ መቶ በርግጥ እችላለሁ ማለት ነው። ደረጃው ጥቂት ሲሆን ሰው ዳርና ዳሩን ስለሚሸሽ መልሱ ሁሉ መካከል ላይ ይሰበሰባል፤ በመሰላሉ ርዝመት ግን ትንንሹ ልዩነት ይታያል።

መቶኛ ለእኛ ለተማሪዎች አይከብድም። ቁጥር ላልተማሩ አያት ግን «ስንት ከመቶ እርግጠኛ ነዎት?» ማለት እንቆቅልሽ ነው። ከዚህም በላይ አንድ የእምነት ሰው ስለ ነገ «መቶ በመቶ» ለማለት ይፈራል፤ «እሱ ካለ»፣ «ኢንሻ አላህ» ይላል እንጂ። ይህ ትሕትና እንደ መጠራጠር ሊቈጠር አይገባም። እኔ የሚሻል የሚመስለኝ ጥያቄውን ከቁጥር ወደ ጥሬ መለወጥ ነው። አሥር የሽምብራ ጥሬ በጠረጴዛ ላይ አኑሮ «እንዲህ ያለው ነገር አሥር ጊዜ ቢገጥምዎ በስንቱ ጊዜ ያለ ሰው እርዳታ ማድረግ የሚችሉ ይመስልዎታል? ያን ያህሉን ወደዚህ ያድርጉልኝ» ማለት ነው። ሰባት ጥሬ ሰባ ማለት ነው። ጥሬው ለመግፋት የሚጠይቀው አፍታ ሰውን ያሳስባል፤ በአፍ ቶሎ ከሚወጣው «እችላለሁ» ይልቅ የታሰበበት መልስ ይገኛል። ዘዴው ለሥራ ከመዋሉ በፊት ግን በጥቂት ሰዎች ላይ ቢሞከርና ምን ብለው እንደ ተረዱት ቢጠየቁ ይገባል።

መልሱን የሚያበላሽ ሌላው ነገር ይሉኝታ ነው። አንዲት ልጅ እናቷ ተቀምጠው እየሰሙ «እናትሽን መርዳት ምን ያህል ትችያለሽ?» ብትባል ዝቅ ያለ ቁጥር ለመስጠት አትችልም። ዝቅ ያለ ቁጥር እናቷን እንደ መጥላት፣ እንደ መሰልቸትም ይሰማል። ስለዚህ አስታማሚው ብቻውን መጠየቅ አለበት፤ ከመጠየቁም በፊት ይህ የደግና የክፉ ልጅ ፈተና እንዳልሆነ ሊነገረው ይገባል። ዝቅተኛው ቁጥር የሚያመለክተው ትምህርት የጎደለበትን ቦታ ነው። በአንድ ቤት ሦስት ሰዎች የሚረዱ ከሆኑም ሦስቱ ለየብቻ ይጠየቁ። «ቤተ ሰቡ ይችላል» የሚባል ነገር የለም፤ የሚችለው አንደኛው ብቻ ከሆነ እሱ ገበያ በወጣ ቀን ቤቱ ባዶ ነው።

በዚህ ጽሑፍ እስካሁን ዝቅ ያለ መተማመንን ብቻ የፈራን መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ከፍ ያለ መተማመን ያለ ሙያ ሲሆን ከሁሉ ይልቅ ያስፈራል። የኢንሱሊንን ነገር እንውሰድ። ዛሬ በብዛት የሚገኘው ኢንሱሊን በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ 100 ዩኒት ያለበት ነው። በአንዳንድ አገር ደግሞ በሚሊሊትር 40 ዩኒት ያለበት ኢንሱሊንና ለእሱ የተሠራ መርፌ አለ። የመቶውን ኢንሱሊን በአርባው መርፌ እስከ 40 ቁጥር የቀዳ ሰው 40 ዩኒት የቀዳ ይመስለዋል። እውነቱ ግን አንድ ሙሉ ሚሊሊትር ስለ ቀዳ 100 ዩኒት ነው፤ ማለትም ሁለት ጊዜ ተኩል እጥፍ። እንዲህ ያለው ስሕተት ሰው ይገድላል። ይኸን የሚያደርግ ሰው መተማመኑን ብንጠይቀው አሥሩንም ጥሬ ይገፋልን ይሆናል። እንዲሁም ራሱን በሳተ ሰው አፍ ውስጥ ስኳር ውሃ የሚያፈስ ሰው በድፍረቱ በሽተኛውን ያንቀዋል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም መስጠት አይገባም፤ በጎኑ አስተኝቶ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።

ስለዚህ የመተማመን መለኪያ ብቻውን አይቆምም። ጥሬው ከተገፋ በኋላ «እስቲ ያሳዩኝ» ይከተላል። አስታማሚው ብልቃጡን ያንሣ፣ ጽሑፉን ያንብብ፣ ደመናማውን ኢንሱሊን ሳይንጥ በመዳፉ መካከል ቀስ ብሎ ያንከባልል፣ ልኩን ይቅዳ። ነርሷ ትመለከታለች። የተገፋውና የታየው ከተስማማ መልካም ነው። ሙያ እያለው ጥሬው ካነሰበት ሰውየው የሚያስፈልገው መለማመድና ማበረታታት ነው። ጥሬው በዝቶ ሙያው ካነሰ ግን ሥራውን ለጊዜው አቁሞ እንደ ገና ይማር።

ቁጥሩን ሲደምሩም ጥንቃቄ ያሻል። አሥር ጥያቄ ተጠይቆ አንደኛዋ አስታማሚ በሁሉም ላይ 70 ብትሰጥ አማካይዋ 70 ይሆናል። ሁለተኛው አስታማሚ በሰባቱ 100፣ በሦስቱ 0 ቢሰጥ ድምሩ 700፣ አማካዩም ያው 70 ነው። በአማካዩ ሁለቱ እኩል ናቸው። ነገር ግን ሁለተኛው የሰጣቸው ሦስቱ ዜሮዎች የሌሊቱ የስኳር መውረድ፣ ራስ መሳትና ሐኪም መጥራት ከሆኑ በዚያ ቤት ያለው አደጋ በሰባቱ መቶዎች አይካስም። በመምህራችን ዘንድ በሒሳብ 100፣ በእንግሊዝኛ 0 ያገኘ ተማሪ አማካዩ 50 ነው እንደሚባለው ነው፤ እንግሊዝኛውን ግን አማካዩ አያስተምረውም። ስለዚህ አማካዩ ቢጻፍም የየጥያቄው መልስ አብሮ ይጻፍ።

መለኪያው ራሱስ በምን ይለካል? ጤፍ የሚመዝን ነጋዴ ያንኑ ጆንያ ሁለት ጊዜ ቢመዝንና ሚዛኑ ሁለት ክብደት ቢያሳይ ገዢው ይጮኻል። እንዲሁም በመካከሉ አዲስ ትምህርትና አዲስ ችግር ሳይገጥመው ከሁለት ሳምንት በኋላ የተጠየቀ ሰው ወደ ፊተኛው የቀረበ መልስ መስጠት አለበት። ጥያቄዎቹ እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን የሚገምት ሒሳብ ደግሞ ሊ ክሮንባክ እ.ኤ.አ. በ1951 ያስተዋወቀው አልፋ የሚባለው ነው፤ ወደ 1 በቀረበ መጠን ጥያቄዎቹ ባንድነት ይሄዳሉ ይባላል። አንድ ጥያቄ በአምስት ዓይነት አነጋገር ደጋግሞ የጠየቀ ሰው ግን አልፋው ከፍ ሲልለት ዕውቀቱ አይጨምርም፤ ይኸን ማስታወስ ይገባል። ከሁሉ የሚከብደው መለኪያው የእውነት መተማመንን መለካቱን ማረጋገጥ ነው። አንዳንዶች የበሽተኛውን የሦስት ወር የስኳር ምርመራ ውጤት ከአስታማሚው ቁጥር ጋር ያስተያያሉ። ቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜው 120 ቀን ያህል ስለ ሆነ ይህ ምርመራ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ ያሳያል። ማስተያየቱ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ስኳሩ ከፍ ያለው መድኃኒት ከመደብር ጠፍቶ ወይም ዋጋው ከአቅም በላይ ሆኖ እንደ ሆነ ልጁን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

በሌሎች አገሮች የተሠሩ መለኪያዎች አሉ። በስታንፎርድ የተዘጋጀው በሽተኛው ራሱ የሚመልሰው ስምንት ጥያቄ ያለው ሲሆን መሰላሉ ከ1 እስከ 10 ነው። የስኳር በሽታ ላለባቸው ጎረምሶችና ልጃገረዶች እ.ኤ.አ. በ1987 የተሠራ ሌላም አለ፤ በኋላ ለወላጆች እንዲሆን ተስተካክሏል። እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ነው። እሱ የተሠራው ለስኳር በሽታ ሳይሆን አእምሯቸው በእርጅና የደከመባቸውን ሰዎች ለሚረዱ ዘመዶች ነው። ከሦስቱ ክፍሎቹ አንዱ የሚጠይቀው አስታማሚው ዕረፍት ለማግኘት ሌላ ሰው እንዲተካው ለመለመን ምን ያህል እንደሚተማመን ነው። ይህ ለእኛ ቤት የተጻፈ ይመስላል። ነገ የማትሪክ ፈተና ያለባት ልጅ «ዛሬ ሌሊት እማዬን አንቺ ጠብቂያት፤ እኔ ላጥና» ብላ አክስቷን ለመጠየቅ ከአሥሩ ጥሬ ስንቱን ትገፋ ይሆን? መርፌውን በአሥሩ የምትገፋ ልጅ እዚህ ላይ ሁለት ብቻ ብትገፋ አይደንቀኝም። ሥራውን ስለምትችለው ሁሉም ለእሷ ትቶላት ይሆናል።

ዝቅ ያለው ቁጥር እንዲነሣ ባንዱራ አራት ምንጮች ይጠቅሳል። የሚበልጠው ራስ ሠርቶ ማየት ነው። ሁለተኛው እንደ ራስ ያለ ሰው ሲሠራ መመልከት ነው፤ ለአንድ ተማሪ ከሐኪሙ ይልቅ የክፍል ጓደኛው ወንድሙን ሲወጋ ማየት ይረዳዋል። ሦስተኛው የሚታመን ሰው «ትችያለሽ» ማለቱ ሲሆን፣ አራተኛው የሰውነት ሁኔታ ነው፤ የደከመና ልቡ የሚመታበት ሰው መድከሙን አለመቻል አድርጎ ይተረጕመዋልና። ለሌሊቱ የስኳር መውረድ በቀን መለማመድ ይቻላል። በሽተኛው ደኅና ሆኖ ሳለ ስኳሩ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ ማንኪያውን፣ መለኪያውንና የሚጠራውን ሰው ስልክ አዘጋጅቶ አንድ ጊዜ እንደ እውነተኛ መሥራት ነው፤ ታናናሾቹም አብረው ይዩ።

የተገፋው ጥሬ በደብተር ላይ ከነቀኑ ይጻፍ፤ የማን መልስ እንደ ሆነም ይጻፍ። በሚቀጥለው የሐኪም ቀጠሮ ከብልቃጡና ከመርፌው ጋር ደብተሩ አብሮ ይሂድ። ነርሷ «ገብቷችኋል?» ስትል ሦስትና ከዚያ በታች ጥሬ የተገፋበትን ጥያቄ በጣት ማሳየት ይበቃል። ከተማሩና ከተለማመዱ ከአንድ ወር በኋላም ያንኑ ጥያቄ፣ በዚያው አነጋገር፣ ያንኑ ሰው ብቻውን እንደ ገና መጠየቅ ነው።